ግማሽ ላይ የቆመች መርፌ

ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ትራምፔት ነፍቷል። ሰፈሩ ግን ትራምፔቱን ረስቶ «ጋሽ ግማሽ» ነው የሚለው። ጥፋቱ የመኪናው ነው። ሰማያዊ ትሁን ግራጫ የማይለይላት አሮጌ መኪና አለችው፤ የነዳጅ መጠን የምታሳየው መርፌዋ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ግማሽ ላይ ቆማ ቀረች። ቢሞላም ግማሽ፣ ቢንጠፈጠፍም ግማሽ። «ነዳጅ አለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ሁሉ የሚያገኘው መልስ ያው ነው።

ታዲያ ምን ያህል ቤንዚን እንዳለው በምን ያውቃል? በጆሮው ነዋ! ጠዋት ጠዋት የሻይ ማንኪያ ይዞ ከመኪናዋ ኋላ ይንበረከክና ታንኩን ኳ ኳ ያደርጋል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ድምፁ ድፍን ካለ ቤንዚን አለ፤ እንደ ደወል ከጮኸ ወደ ማደያ መሮጥ ነው። ልብስ ሰፊ የሆነችው ሚስቱ ማንኪያዎቿ አንድ በአንድ እየጎበጡ አለቁባት። «የሰው ባል ጠዋት ፊቱን ይታጠባል፣ የኔው ለታንክ ኮንሰርት ያዘጋጃል» ትላለች። እውነቱን ለመናገር ግን ጆሮው አሳስቶት አያውቅም፤ ጉንፋን እስከያዘው ሰኞ ድረስ።

ያን ሰኞ አማቱን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሊወስዳቸው ተነሣ። ታንኩን መታ አደረገ። ድፍን ያለ ድምፅ ሰማ። «አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል!» ብሎ መሪውን ጨበጠ። ድፍን ያለው ግን ታንኩ ሳይሆን የገዛ ጆሮው ነበር።

አደባባዩ ጋ ሲደርሱ መኪናዋ ሁለቴ ትን አላትና ዝም አለች። ከኋላ ያሉት ጥሩምባቸውን ለቀቁት።

«ምን ሆነች?» አሉ አማቱ፣ ያበጠ ጉንጫቸውን በሻርፕ እንደጠቀለሉ።

«ምንም አልሆነችም እማማ፣ ትንሽ ልትተነፍስ ነው።»

«ነዳጅ አልቆ እንዳይሆን!»

«ኧረ ግማሽ ነው! ይኸው፣ ይዩት!»

እማማ መርፌዋን አዩ፣ ቀጥሎ እሱን አዩ። «እኔ አልወርድም» አሉ።

ወርዶ ገፋ። በዕድሜያቸው መሪ ነክተው የማያውቁት እማማ ከጎን ሆነው መሪውን ያዙ፤ በዚህም የተነሳ መውጫውን ሁለት ጊዜ ስተው አደባባዩን ሁለት ጊዜ ዞሩት። በሁለተኛው ዙር ትራፊክ ፖሊሱ ራሱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት እየገፋ አወጣቸው። በጀሪካን ጥቂት ሊትር ቤንዚን ተገዝቶ ጉዞው ቀጠለ።

እማማ ጥርሳቸውን ተነቅለው፣ አፋቸው እንደደነዘዘ ቤት ገቡና ፍርዳቸውን ሰጡ። «ወይ ዶሮህን አሳክም፣ ወይ መኪናህን አሠራ!»

«እማማ፣ እኔ እኮ ዶሮ የለኝም።»

«ጆሮህን ነው ያሉህ» አለች ሚስቱ።

ጋሽ ግማሽ ከመለዋወጫ መደብር አዲስ ተንሳፋፊ ገዛ። ይህች ታንኩ ውስጥ ተቀምጣ፣ ቤንዚኑ ከፍ ዝቅ ሲል አብራ ከፍ ዝቅ እያለች ለመርፌዋ ወሬ የምታቀብል ዕቃ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ባልና ሚስት እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሚስት መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ አስፈታችው፤ ክብሪትም ከግቢው አባረረች። ከዚያ የኋላውን ወንበር አነሱ። ከሥሩ ሦስት ማበጠሪያ፣ አንድ ካልሲና የጠፋው የትራምፔቱ መንፊያ አፍ ተገኘ። ጋሽ ግማሽ ክው አለ። በዚያች የትራምፔት አፍ የተነሳ ከበሮ መቺውን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሌብነት ሲጠረጥረው ኖሯል! ወዲያው ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ። ከበሮ መቺው መጠርጠሩን እንኳ ሰምቶ አያውቅም ነበርና ያኔ ገና ተቀየመ።

የታንኩ ክዳን በስድስት ብሎን ተይዟል፤ ስድስቱም ዝገዋል። እሱ ካቻቢቴውን ይዞ ሲታገል ፊቱ ትራምፔት እንደሚነፋ ቀላ። «ዞር በል» አለችው ሚስቱ። የስፌት መኪናዋን ዘይት ጠብ ጠብ አደረገችባቸው፤ ጥቂት ጠብቃ በዝግታ ስታዞራቸው እየተነቃነቁ ወጡ። አሮጌዋ ተንሳፋፊ ክንዷ ዝጎ መሃል ላይ ደርቃለች። አዲሷን አስገቡ፣ የጎማ ማሸጊያዋን ለወጡ፣ ገመዶቹን አያያዙ። ቁልፉን ሲያዞረው መርፌዋ ተስፈንጥራ ሙሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ሞላ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ያለው ሁለት ሊትር ነው። በምን ሞላ?»

«ተደስታ ነው፣ ተያት!»

ማደያ ሄዱ። ቀጂዋ ቱቦውን ሰክታ መሙላት ስትጀምር መርፌዋ ወደ ታች ጉዞ ጀመረች። ቤንዚኑ በገባ ቁጥር እሷ ትወርዳለች። ጋሽ ግማሽ በመስኮት ብቅ አለ።

«እህቴ፣ እየቀዳሽልኝ ነው ወይስ እየቀዳሽብኝ?»

«ጋሼ፣ ይሄ ቱቦ መስጠት እንጂ መውሰድ አያውቅም።»

ታንኩ ጢም ሲል መርፌዋ ባዶ ላይ አረፈች። ለካ መደብሩ የሸጠለት የሌላ መኪና ተንሳፋፊ ኖሯል፤ የሷና የዳሽቦርዱ ቋንቋ ፍጹም ተቃራኒ ነው።

«ችግር የለም፣ ገልብጠን እናነባታለን» አለ ቤት ሲገቡ።

«መኪናዋንስ ገልብጠህ ልትነዳት ነው?» አሉ እማማ፣ አፋቸው አሁን በደንብ ተፍታቶ።

የመደብሩ ባለቤት ስቃ ስቃ ለወጠችለት። ሚስቱ አሁን እጇ ስለለመደ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ገጠመቻት። መርፌዋም ሙሉውን ሙሉ አለች።

ችግሩ ከዚህ በኋላ መጣ። በሦስተኛው ቀን መርፌዋ ከሙሉ ላይ ፈቀቅ ስትል ጋሽ ግማሽ ፍሬን ረገጠ።

«አየሻት? ወረደች!»

«እየነዳሃት እኮ ነው!»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትጠጣ ነው የኖረችው?»

ከዚያ ወዲያ ዓይኑ ከመርፌዋ አልነቀል አለ። የዳቦ ቤቱን ግንብ ለጥቂት ከሳተው በኋላ ሚስቱ መሪውን ተረከበች። እማማ ከፊት ከጎኗ ተቀመጡ፤ እሱ ዳሽቦርዱ ወደማይታይበት ወደ ኋላ ወንበር ተላከ። አሁን መስኮቱን ከፍቶ ቀና እያለ ሕንፃዎቹን ያያል።

«ባንኩ እኮ ሰባት ፎቅ ኖሯል!» ይላል በየቀኑ። «እናንተ ታውቁ ነበር?»