ወንድሜ ያሰመረው አጥር

ወንድሜ ሲደነግጥ «በኢየሱስ ስም!» ይል ነበር። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆመ አራት ዓመት አልፎታል፤ ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር ሲሟገት እንደነሱው «ወላሂ» እያለ ነው የሚምለው። ግን ብርጭቆ ከእጁ ሲያመልጥ ወይም ባጃጅ ሊገጨው ሲል ከአፉ የሚወጣው እማዬ በልጅነታችን ያስለመደችን ቃል ነው። እኔ ይህንን እንደ ጸሎት ቆጥሬው አላውቅም። እማዬ ግን ቆጠረችው።

የምንኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነበር፤ እማዬ፣ ወንድሜና እኔ። እኔ በየቀኑ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ቢሮ እሠራለሁ። እሱ ደግሞ ሰርግ ይቀርጻል፣ ቪዲዮውንም ቤት ውስጥ ያቀናብራል። ለዚህ ሥራ ሲል ሳሎናችን ጥግ ያስቀመጠው ኮምፒውተር ከእኔ ቢሮ ማሽኖች ሁሉ የበረታ ነበር። ዘመኑ የኢሕአዴግ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ኢንተርኔት ከመብራት ብሶ የሚጠፋበት። ለራሱ ሰርግ ከውጭ የመጣ የአክስታችን ልጅ ዓይን ሸፍኖ የጨዋታ ዓለም የሚያሳይ ጥቁር የቪአር መነጽር ትቶለት ሲሄድ፣ ወንድሜ እቃውን እንደ አራስ ነው የተንከባከበው። ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ጣሪያው ሥር ግድግዳ ላይ ሰቀለ። መነጽሩን የሚያዩት እነሱ ናቸው አለ። ምኑን እንደሚያዩት አልገባኝም፤ የሚያበሩት ብርሃን ግን አይወደድም ነበር።

ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አንድ ሥራ አለ። ዓይንህ ስለሚሸፈን ከዕቃ ጋር እንዳትጋጭ፣ በእጅ የሚያዘውን መጫወቻ፣ ጆይስቲኩን ይዘህ የባዶውን ወለል ዳር ዳር ትዞራለህ። ኮምፒውተሩ የዞርክበትን ይይዛል። ከዚያ በኋላ እየተጫወትክ ወደ ዳር ከተጠጋህ ሰማያዊ መስመር ፊትህ ይቆማል። ወንድሜ «አጥሬ» ይለው ነበር። ሶፋውን ዞሮ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ፣ ልክ እንደ መሬት ለኪ ቆፍጠን ብሎ ሲያሰምር ስቄበታለሁ።

የሚወደው ጨዋታ ተራራ መውጣት ነበር። ሁለት እጁን ወደ ላይ እየዘረጋ እሱ ብቻ የሚያየውን ድንጋይ ይጨብጣል።

«የገራዶ ገደል አጠገብህ እያለ ሳሎን ውስጥ ምን ያንጠላጥልሃል?» አልኩት አንድ ቀን።

«አብሽሪ» አለኝ፣ «እዚህ ብወድቅ ምንጣፍ ላይ ነው።»

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እማዬ ከጓሮ የደረቀ ልብስ ታቅፋ ገባች። ዓይኗን ሞራ ከጋረዳት ቆይቷል፤ ሰውን በቁመናውና በድምፁ እንጂ በፊቱ አትለይም። ልጇ ሳሎኑ መሐል ቆሟል። ሁለት እጁ ወደ ላይ ተዘርግቷል፣ ፊቱ ወደ ጣሪያው ቀንቷል፣ ሰውነቱ ይወዛወዛል። በጨዋታው ውስጥ እጁ ሲያመልጠው ነው መሰል ድንገት ጮኸ። «በኢየሱስ ስም! ጌታ ሆይ፣ ያዘኝ!»

በእኛ ቤት ለጸሎት እጁን አንሥቶ የቆመ ሰው አይጠራም። ሻይ ቀረበ አይባልም፣ አጠገቡ በእግር ጣት ነው የሚታለፈው። እማዬ ልብሱን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና በሩ አጠገብ ተንበረከከች። እኔ ከኩሽና እያየሁ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። «እማዬ፣ ጨዋታ ነው» ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ድምፅ ሳታሰማ ስታለቅስ አየሁና አፌን ዘጋሁ።

እሱ ትልቁን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ስለነበር ምንም አልሰማም። እሷም ሳይጨርስ ተነሥታ ወደ እኔ መጣች።

«ሰማሽው?» አለችኝ እጄን ጨብጣ። «ልጄ ተመለሰ። እንዳትነግሪው፤ ያፍርብኛል።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እሱ ለተራራው በቆመ ቁጥር እሷ ኮቴዋን አጥፍታ ትገባለች፣ እዚያችው በሩ አጠገብ ትንበረከካለች፣ ሳይጨርስ ትወጣለች። ለእሱ ብነግረው ይስቅባታል ብዬ ፈራሁ፤ ለእሷ ብነግራት ልቧ ይሰበራል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ከወራት በኋላ ወንድሜ ሰርግ ሊቀርጽ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሚኒባሱ መንገዱን ስቶ ገደል ገባ። እዚያ ምንጣፍ አልነበረም።

ለለቅሶው ከጥጉ ኮምፒውተር በቀር ሳሎኑ ባዶ ተደረገ። ሶፋው ወጣ፣ ጠረጴዛው ወጣ፣ አግዳሚ ወንበር ገባ። እስላም ጎረቤቶቻችን «አላህ ያጥናችሁ፣ አብሽሩ» እያሉ ከእኛ ጋር ሰነበቱ። እማዬ ትወድቃለች ብለን ስንጠብቅ አልወደቀችም። ለመጣው ሁሉ አንድ ነገር ትናገራለች። «ልጄ ተመልሶ ነው የሄደ። እኔ ራሴ አጠገቡ ተንበርክኬያለሁ።» ለቀስተኛው «ተመስገን» ይላል። እኔ ሻይ አዞራለሁ።

እንጀራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ሐረጎን በየቀኑ ሁለት ጊዜ ማለፍ ነበረብኝ። መኪናው ወደዚያች ኩርባ ሲጠጋ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ይብሳል፤ ስጨፍን ድምፁን እሰማዋለሁ። የመጨረሻ ቃሉ «በኢየሱስ ስም» እንደነበር ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። የማላውቀው ድንጋጤ ይሁን ጥሪ ነው። ይህ ጥያቄ ከእኔ ጋር ይሳፈራል፣ ከእኔ ጋር ይወርዳል። ቤት ስገባ ደግሞ ሁለቱ ሳጥኖች ግድግዳው ላይ ሆነው ይጠብቁኛል። ማናችንም ልናወርዳቸው አልደፈርንም።

ከዚያ ቤተ ክርስቲያን እማዬን ምስክርነት ጠየቀቻት። በሚመጣው እሁድ በጉባኤው ፊት ቆማ የልጇን መመለስ ልትናገር ነው። እኔ እሁድ እሁድ የምሄደው እጇን ይዤ ለማድረስ ያህል ነበር፤ እሷም ታውቀዋለች፣ ስለ እኔም ትጸልያለች። ቢሆንም በእኔ ዝምታ የቆመ ውሸት በማይክ ሲነገር ቁጭ ብዬ መስማት አልቻልኩም። ቅዳሜ መነጽሩን አወጣለሁ፣ በእጇ አስዳስሳታለሁ፣ ሁሉንም እነግራታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ልቧ ቢሰበርም እውነቱ የእሷ ነው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እሷ ጓሮ ነበረች። ኮምፒውተሩን አበራሁት። ሳጥኖቹም በሩ። ከመጥራቴ በፊት እንደሚሠራ ለማየት መነጽሩን አጠለቅኩና ጆይስቲኮቹን ያዝኩ። ማዳመጫውን አላደረግሁም።

ተራራው መጣ። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ስል ሰማያዊው መስመር ፊቴ ቆመ፤ የወንድሜ አጥር። ለለቅሶው የወጣው ሶፋ ከወራት በኋላም አልተመለሰም፣ መስመሩ ግን አሁንም ሶፋውን ይዞራል። ጠረጴዛው የለም፣ ጠረጴዛውን ይዞራል። እሱ የረገጠውን እየረገጥኩ፣ እሱ የዞረውን እየዞርኩ፣ ዳር ዳሩን ሄድኩ። በሩ አጠገብ ስደርስ መስመሩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ እንደ ግማሽ ክብ ታጠፈ።

እዚያ ቦታ ዕቃ ኖሮ አያውቅም። ወንበርም፣ ሣጥንም፣ የአበባ ማስቀመጫም አልነበረም። ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ሲያሰምር አይቼዋለሁ፤ በዚያ በኩል ቀጥ አድርጎ ነበር ያለፈው። ቁጢጥ ብዬ በጆይስቲኩ ጫፍ ተከተልኩት። ስፋቱ የተንበረከከች አሮጊት ያህል ነበር።

አውቆ ነበር። አንድ ቅዳሜ መነጽሩን ቀና አድርጎ አይቷታል። እንዳይረግጣት አጥሩን እንደገና አስምሯል፣ ለጉልበቷም ቦታ ትቶላታል። ከዚያም መነጽሩን መልሶ አጥልቆ፣ እጁን አንሥቶ፣ «ጌታ ሆይ፣ ያዘኝ» ማለቱን ቀጥሏል። ለድንጋዩ ነበር? እሷ እንድትሰማ ነበር? ወይስ ለራሱ? ያንን ሁሉ ጊዜ በአንድ ቤት እየኖርን አንዴ እንኳ አልጠየቅሁትም።

ቆምኩ። እንባዬ መነጽሩ ውስጥ ሞላ። እጄ ወደ መስመሩ ተዘረጋ፤ የምይዘው ነገር አልነበረም። «ጌታ ሆይ» አልኩ።

በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ኮቴዋን አጥፍታ ገባች። ጉልበቷ ወለሉን ሲነካ ቀጭ አለ፤ ከዚያ ድምፅዋ መጣ፣ እሱ ከተወላት ቦታ፣ ልክ ከመስመሩ ወዲያ።

«ጌታ ሆይ፣ እሷንም መለስክልኝ።»

እጄ ወደ መነጽሩ ሄደ። ተመለሰ። እሷ ተነሥታ እስክትወጣ ድረስ እጄን እንደዘረጋሁ ቆየሁ።

እሁድ እማዬ ማይክ ፊት ቆማ ስለ ሁለት ልጆች መሰከረች።