የእትዬ ዘነቡ ደብተር

ይህን ሚስቴ አታውቀውም። የንስሐ አባቴም አያውቁትም፤ ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ ሌላ ቀለል ያለ ኃጢአት ተናዝዤ ተመልሻለሁ። ለእናንተ ግን ልናገር። አንዲት ሴት ያልሠሩትን ሌብነት የለጠፍኩባቸው እኔ ነኝ።

ፀዳ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። እትዬ ዘነቡ የመምህራን ክፍሉን ያጸዳሉ። ዕድሜያቸው አርባን አልፏል፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ከአዋቂ ተማሪዎች ጋር እኔው ክፍል ተቀምጠው አሥረኛ ክፍልን ይማራሉ።

እኔ ተጠራጣሪ ነበርኩ። እስክሪብቶ ቢጠፋብኝ እሳቸውን፣ ወንበሬ ቢዞር እሳቸውን። ቁልፉ በእጃቸው ነዋ! መጥረጊያ ይዘው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆም ሲሉ ምን እያነበቡ ይሆን እላለሁ። የእሳቸው ማንበብ እኔን ምን አስፈራኝ?

በአንድ ፈተና ላይ፣ የጋንጀስና የአማዞን ወንዝ ዶልፊኖች ስለተመሳሰሉ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ በሙሉ «አዎ» ብሎ ተሳሳተ። እትዬ ዘነቡ ብቻ እንዲህ ጻፉ፦ «ሁለቱም ጥርስ ካላቸው ዓሣ ነባሪዎች ወገን ናቸው። ግን የጋንጀሱ ቀድሞ ተለይቷል፤ የአማዞኑ የሚቀርበው ለባሕሩ ዶልፊን ነው። ረጅም አፍና ትንሽ ዓይን የሰጣቸው ድፍርሱ ውሃ እንጂ ዝምድና አይደለም።»

የመምህራን ክፍሉ ባለው ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌ ያስቀመጥኩት የመልስ ወረቀት ላይም «ድፍርሱ ውሃ እንጂ ዝምድና አይደለም» ይላል። ቃል በቃል!

ሰኞ ጠዋት የመልስ ወረቀቴን ሰርቀዋል ብዬ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ከሰስኳቸው። ተጠርተው መጡ።

«መምህር፣ እርስዎ አይደሉ ያስተማሩን?» አሉኝ። «ምነው ረሱት?»

«መጽሐፉ ላይ የለም። እኔም አላስተማርኩም» አልኩ።

 እሳቸውም ከነጠላቸው ጫፍ ቁልፉን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ወጡ። ከሥራም ከትምህርትም ተሰናበቱ።

ሐሙስ ዕለት፣ ቀደም ብዬ ለማረም የሰበሰብኳቸውን ደብተሮች ሳገላብጥ የእሳቸው ደብተር እጄ ገባ። በዚያ ዝግ ባለ የእጅ ጽሑፋቸው የእኔ ቃል ተጽፏል፤ ስለ ድፍርሱ ውሃ፣ ስለ ጥርሱ፣ ሁሉም። ከጎኑ ቀልዴ ሳይቀር፦ «ዶልፊንን ዓሣ ያለ ዜሮ ይወስዳል ብለዋል መምህር።» ያኔ ትዝ አለኝ። ዝናብ የበዛበት ቅዳሜ ነበር፤ የመጡት ስድስት ተማሪዎች ናቸው፤ እየሰሙ የጻፉት ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሳቸው «መምህር፣ ዶልፊን በወንዝም አለ ይባላል፣ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝና ተመስጬ ሰዓቱን ሙሉ አወራሁ።

የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሄድኩ? አልሄድኩም። ያን ሰሞን የትምህርት ክፍል ኃላፊ ልሆን ታጭቼ ነበር፤ ሰው ምን ይለኛል አልኩ። ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄ አወጣሁና ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። እኔ ነኝ የጣልኩት። ማንም አላዘዘኝም።

ባለፈው ዓመት ወደ ደባርቅ ስሄድ መንገድ ላይ ባለችው ኮሶዬ ምሳ ልበላ ከመኪና ወርጄ አንድ ምግብ ቤት ገባሁ። ሳህን የሚያጥቡት ሴትዮ ቀና አሉ። እትዬ ዘነቡ! እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ጨበጡኝ።

«ምነው እንዲህ ከሱ መምህር? ደህና አይደሉም?»

«ደህና ነኝ። ትምህርቱን ... ቀጠሉ?»

«ኧረ እኔ! ከዚያ ወዲያ ደብተር ይዤም አላውቅ።» ሳቅ አሉ። «በእርስዎ ግን አልተቀየምኩም። መምህር የስንቱን ክፍል ያስተምራል፤ የተናገረውን ሁሉ እንዴት ያስታውሰዋል? ረስተውት ነው ብዬ ትቼዋለሁ።»

 አሁን ካልተናገርኩ መቼ ልናገር ነው? አፌን ከፈትኩ።

«አዎ፣ ረስቼው ነበር» አልኳቸው።

እስከ ሐሙስ እውነት ነበር። ከሐሙስ ወዲያ ላለው ምክንያት የለኝም፤ እናንተም አትፈልጉልኝ።