ወላጅ ይዘሽ ነይ

አምስተኛ ክፍል የማስተምራት አንዲት ልጅ አፏ አያርፍም ነበር። ጥያቄዬን ሳልጨርስ መልሱን ትጮኻለች፤ ወደ ሰሌዳው ስዞር ዴስኳን እንደ ድቤ ትመታለች፤ ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ አራት ሰዓት ካለፈ ቆርቆሮ ጣራው ይነድዳል። ከደብረ ብርሃን ብርድ ወርዶ ለተመደበ ሰው በዚያ ሙቀት ላይ ያ ጩኸት ሲጨመርበት ትዕግሥት ከየት ይመጣል? ዱላ ክልክል ነው፤ ደግ ተከለከለ። የቀረን መሣሪያ «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ማለት ብቻ ነው። የተጠራው ወላጅ ካልመጣ ተማሪው ክፍል አይገባም። እኔም እንደ ደንቡ አባቷን አስጠራሁ።

ጊዜው ማሾ የሚለቀምበት ነበር። በዚያ ሰሞን በከተማው ዙሪያ ባለው በቀወት ገጠር ውስጥ ሥራ ፈቶ የሚቀመጥ እጅ የለም። ሰውዬው ሽርጡን እንዳገለደመ፣ ከነአፈሩ ከማሳው መጣ። ክሴን ገና ሳልጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

«አላህ ይስጥሽ መምህርት፣ ነገሩን አቀለልሽልኝ» አለኝ። «እኔስ ጎበዝ ናት ቢሉኝ ነው፣ ሰው እያጣሁ እዚህ የምልካት። ካስቸገረቻችሁ ቤቷ ትቀመጥ፤ ሥራው እንደሁ ሞልቷል።»

ደነገጥኩ። ልጅቷን አየኋት፤ ያ ሁሉ አፍ ተዘግቶ መሬት መሬት ታያለች። ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው በእኔ ሊደርስ ነው።

«ኧረ ጎበዝስ ጎበዝ ናት ጋሼ!» አልኩ ቶሎ ብዬ። «እንደሷ ፈጥኖ የሚገባው ልጅ የለኝም። መረበሹ የልጅነት ነው፣ ይለቃታል።» ከሳሿም ጠበቃዋም እኔው ሆንኩ። ሰውዬው ግራ ገብቶት አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ሲያይ ቆየ።

«እንግዲያው ትማር» አለ በመጨረሻ። «ዳግመኛ ከተጠራሁ ግን፣ ወላሂ ይዣት ነው የምገባ።»

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ የምትችለውን ታደርጋለች፤ እጆቿን ከጭኗ ሥር አድርጋ ትቀመጥባቸዋለች። ደግሞ ሳታስበው ታፈተልካለች፣ እኔም እንዳልሰማ አልፋታለሁ። የምፈራው ሌሎቹን መምህራን ነበር፤ አባቷን እንዳያስጠሩ ያገኘኋቸውን ሁሉ ለመንኩ።

አንድ ረፋድ መምህራን ክፍል ስገባ፣ በቅርብ ተዛውሮ የመጣው የሒሳብ መምህር የእጁን ጠመኔ እያራገፈ «ያቺን ለፍላፊ ወላጅ ይዘሽ ነይ ብዬ አስወጣኋት» አለኝ። እሱን አልለመንኩትም ነበር። ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ወጣሁ።

ወደ መንደሯ በሚወስደው መንገድ እየሮጥኩ፣ ያለፈውን ባጃጅ ሁሉ ውስጡን አየሁ። የለችም። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ዩኒፎርም የለበሰችዋ? ወደ መናኸሪያ ሄደች» ስትለኝ ወደዚያው ሮጥኩ። ከመናኸሪያ የሚወጣ መኪና የት እንደሚያደርስ አውቃለሁ፤ ስንቷ ልጅ ከቤቷ ጠፍታ በዚያው ቀርታለች።

አገኘኋት። አንድ የባጃጅ ሾፌር ፊት ቆማ እያወራች ነው፤ እሱ ይስቃል። ስታየኝ ክው አለች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«የትም ቲቸር። አጎቷ ነኝ ብሎ የሚገባልኝ ሰው ፈልጌ ነው። ሁሉም እምቢ አሉኝ። ለአባቴ ከተነገረ...» አልጨረሰችውም።

የአንዱን ሱቅ ደረጃ ይዤ ተቀመጥኩ። ተማሪ የውሸት አጎት ለምኖ ሲያመጣ መምህራን ክፍል ውስጥ ስንት ስቀናል። እሷ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ እንደሚገዛ ዕቃ መዘነችኝ።

«ቲቸር፣ እርስዎስ አይሆኑልኝም?»

መቆጣትም ማልቀስም አሰኘኝ። እጇን ያዝኩና ተመለስን። የሒሳብ መምህሩ ሌላ ክፍል እያስተማረ ነበር። በሩን አንኳኳሁ፤ ከፍቶ አንዴ እኔን፣ አንዴ የያዝኩትን እጅ አየ።

«ምን ነበር?» አለኝ።

«የተጠራሁት ወላጅ ነኝ» አልኩት።