ማተቡን ሸሚዙ ውስጥ ሲከት

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ እለው ነበር። ጁባ ውስጥ፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ፣ ሱቅ ነበረው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነገረ መለኮትና ፍልስፍና ለመማር የመሰናዶውን ዓመት ስጀምር፣ አመሻሽ ላይ ሱቁን ሲዘጋ አንድ ልማድ አመጣ። አንድም ጾም የማይሽር ሰው፣ የአንገቱን ማተብ ሸሚዙ ውስጥ ይከትና፣ "በል፣ አሁን ከሃዲ ነኝ፤ አሳምነኝ" ይለኛል። ካሳመንኩት ማተቡን አውጥቶ ይስቃል። ካላሳመንኩት እንደከተተው ወደ ቤት እንሄዳለን።

ጎረቤት ነጋዴዎች፣ "ልጁን ቄስ ልታደርገው ነው ወይስ እብድ?" ይሉታል።

"ሁለቱንም ይሞክር! ሱቅ ለመጠበቅ እኔ አለሁ አይደል?"

ከጎናችን ሻይ የምትሸጠው ሴት ሕፃኗን በወባ ያጣች ዕለት ማተቡን ከተተ። "እግዚአብሔር ደግ ከሆነ ይቺ ልጅ ለምን ሞተች?" አለኝ። የተማርኩትን ሁሉ ደረደርኩ። "አላሳመንከኝም፣ ጎረምሳው። ሌላ ቀን ትመለስበታለህ" አለ።

ብዙም ሳይቆይ እሱንም ወባ ጣለው። አልተነሳም።

በአርባው ነጋዴዎቹ ከበቡኝ። "በቃ፣ ፍልስፍናውን ተውና የወንድምህን ሱቅ ያዝ" አሉኝ። አዝነውልኝ ነው፤ አውቃለሁ። እምቢ አልኩ። ሱቁን ሌላ ሰው ይሥራበት።

አሁን ሲመሽ ከሃዲ ሆኖ የሚጠብቀኝ የለም። ጥያቄው ግን እንዳለ ነው፣ አሁን ደግሞ ያንተም ሞት ተጨምሮበታል፣ ጋሼ። ሳላሳምንህ ከምማርበት ክፍል ማንም አያስወጣኝም።