ታምሩን ወደ ሳጉሬ ስንወስድ

ቅዳሜ ንጋት፣ ናዝሬት

ከቤት የወጣነው ወፍ ሲንጫጫ ነው። ጥቅምት ስለሆነ ናዝሬት እንኳ በዚህ ሰዓት ነጠላ ታስደርባለች። ባለቤቴ ሰይፉ ግራጫዋን ቮልሳችንን አስፋልቱ ዳር አውጥቶ ሞተሯን ያሞቃል። ከኋላችን ጓደኛው ነጋሽ፣ ከአባቱ የወረሳትን ነጭ ፊያት ሴቼንቶ አቁሞ መስታወቷን በአሮጌ ጋዜጣ ይወለውላል። ሁለቱም በጃንሆይ ጊዜ የተገዙ ናቸው። መለዋወጫ ከገበያ ከጠፋ ስለቆየ የጎደላቸውን ከሌላ ዓይነት መኪና እየተዋሱ ነው የሚኖሩት። ለዚህ ጉዞ ሁለቱ ወንዶች የቤንዚን ኩፖናቸውን አዋጥተዋል።

አራት ሰው በሁለት መኪና ምን አስኬደው የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው።

አራተኛው መንገደኛ ታምሩ ነው። እሱ፣ ሰይፉና ነጋሽ አሰላ አንድ ቤት ተከራይተው አብረው ተምረዋል። ታምሩ ወደ ሰሜን ዘመተ። ቆይቶም አብሮት የነበረ አንድ ወታደር፣ ታምሩ ሲወድቅ አይቻለሁ ብሎ ተናገረ። ሳጉሬ ለሚኖሩት እናቱ ለእትዬ ብርቄ መርዶ ተነገረ፣ ድንኳን ተተከለ፣ እኛም ሄደን አለቀስን። በዚህ ሳምንት ግን አመሻሽ ላይ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ታምሩ ከስቶና ጠቁሮ ቆሟል። ለካ ቆስሎ ተማርኮ ነበር። አሁን ተለቆ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ መጣ።

የሳጉሬ አውቶቡስ እያለ ወደ እኛ የመጣው ፈርቶ ነው። እናቴ በድንገት ካየችኝ ልቧ አይችልም አለን። ታናሽ ወንድሙ መስፍንም ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ሰንብቷል። እናትየው ደጃቸው ላይ መኪና ቆሞ ሰው ሲወርድ ካዩ የሚያስቡት አንድ ነገር ብቻ ነው።

ስለዚህ ተማከርን። መርዶ በማለዳ ነውና ማለዳ እንዳንደርስ፤ ጥቁር እንዳንለብስ፤ እኔና ሰይፉ በቮልሷ ቀድመን ገብተን እኔ እንድነግራቸው፤ ታምሩ ከነጋሽ ጋር ከተማው መግቢያ ላይ እንዲቆይ። ሰይፉ የመኪናዋን ጡሩምባ ሲነፋ ይመጣሉ። ቢጫ ሹራቤን ለበስኩና ተነሣን።

አዋሽ መልካሳ

ከናዝሬት ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ ፀሐይዋ ከግራር ዛፎቹ በላይ ብቅ አለች። አዋሽ ደፍርሶ ይፈሳል። ኬላው ላይ አንድ ወጣት ወታደር አስቁሞን የሁላችንንም መታወቂያ ተቀበለ። የታምሩ ወረቀት ላይ ሲደርስ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ፊቱን አየ። ሰይፉ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ሲይዝ አየሁት። ከምርኮ የተመለሰ ሰው ይጠረጠራልና እኔም በሆዴ አሳልፈን ብዬ ጸለይኩ።

ወታደሩ ግን ወደ ሴቼንቶዋ መስኮት ጎንበስ ብሎ፣ ከየትኛው ግንባር እንደመጣ በዝግታ ጠየቀው። ታምሩ ነገረው። የእኔም ወንድም እዚያ ነው አለና ስሙን ጠራለት። ታምሩ አላየሁትም ቢለውም ልጁ ወዲያው አልሄደም፤ መልኩን፣ ቁመቱን፣ ጉንጩ ላይ ያለችውን ምልክት ይነግረው ጀመር። ከኋላችን የቆመ የጭነት መኪና ሲጮህ ነው ገመዱን ዝቅ ያደረገልን።

ከዴራ በላይ

ዴራን ካለፍን በኋላ መሬቱ ይነሣል። አቧራው ይቀንሳል፣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ግራሩ ቀርቶ የጤፍና የስንዴ ማሳ ይጀምራል። የአርሲ እህል በጥቅምት ገና ሙሉ በሙሉ ቢጫ አልሆነም፤ ነፋስ ሲነካው አንዴ አረንጓዴ አንዴ ወርቅ ይመስላል። ቮልሷ እያጉረመረመች ትወጣለች። ሴቼንቶዋ ግን ወደ ሁሩታ መገንጠያው ከመድረሷ በፊት ፈላችና ሞተሯ ካለበት ከኋላዋ እንፋሎት እየተነነ ቆመች።

መንገድ ዳር ውሃ ቀድታ የምትመለስ ሴት አህያዋን አቆመችልን። ነጋሽ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ» ብሎ ሰላምታ ሲሰጣት ሳቀች፤ አነጋገሩ የናዝሬት መሆኑን ለየችው መሰለኝ። ከጄሪካኗ ቀድታ ሰጠችው። መኪናዋ እስክትቀዘቅዝ ውሃ አይጨመርባትምና ሣሩ ላይ ተቀመጥን።

ታምሩ ብቻ አልተቀመጠም። ወደመጣንበት ቁልቁለት እያየ ቆሞ ቆየና እንመለስ አለ።

ነጋሽ ቀልድ መስሎት የመኪናዋን ጤንነት አትጠራጠር አለው።

«ስለ መኪናዋ አይደለም» አለ ታምሩ። «እናቴ እኔን አልቅሳ ጨርሳለች። አሁን ስታየኝ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ መስፍንን ነው። አንዱን ይዞ አንዱን ጥሎ እንደመጣ ሰው ፊቷ ልቁም?»

ሰይፉ ተነሥቶ ኮቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል አደረገለት። እዚህ ላይ ደጋው ይጀምራል፣ ብርዱን ረስተኸዋል አለው። ታምሩ ኮቱን ለበሰ። ነጋሽም ውሃውን ጨመረ። ወደላይ ነው ወደታች ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሞተሩ ሲነሣ ታምሩ ራሱ ገብቶ ተቀመጠ።

አሰላ

አሰላ የገባነው ረፋዱ ላይ ነው። የጭላሎ ተራራ ግማሹን በደመና ሸፍኖ ከከተማው በላይ ተቀምጧል። ወንዶቹ ተማሪ ሳሉ የሚያዘወትሩት ምግብ ቤት ስሙ ተቀይሯል፤ እርጎው ግን አልተቀየረም ተባባሉ። ጥብስ በዳቦ በላን። ታምሩ ጥቂት ቀምሶ ተወውና ጸጉር ቤት መሄድ እፈልጋለሁ አለ። ጢሙን ተላጭቶ ሲወጣ ፊቱ ሌላ ሰው ሆነ። አገጩ ላይ ልጅ ሳለ ከአጥር ወድቆ ያተረፋት ጠባሳ ታየች። ነጋሽ እሷን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረና የመኪናዬን ዘይት ልይ ብሎ ወጣ።

ሳጉሬ፣ ከሰዓት በኋላ

ታምሩንና ነጋሽን መግቢያው ላይ ባሕር ዛፍ ሥር ትተናቸው ሄድን። እትዬ ብርቄ ግቢያቸው ውስጥ ሰሌን ላይ ገብስ አስጥተው በእጃቸው ያገላብጡ ነበር። ቮልሷ ስትቆም እጃቸውም ቆመ። ቀስ ብለው ተነሡ፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩት። ለቅሶ የሚገባ ሰው እንደሚያስረው ነው ያሰሩት። ያሰብኩትን ሁሉ ረሳሁ።

«መስፍን ነው?» አሉኝ።

«አይደለም እትዬ ብርቄ። የሞተ የለም። ለደስታ ነው የመጣነው።»

«ለደስታ እንዲህ ሆናችሁ አትመጡም።»

እጃቸውን ያዝኩ። የገብሱ ገለባ መዳፋቸው ላይ ነበር። «ታምሩ በሕይወት አለ» አልኳቸው።

ፊታቸው አልተለወጠም። «ታምሩንማ አልቅሼ ጨርሻለሁ አስቱ። አትመልሽብኝ።»

ተማርኮ እንደነበር፣ ቤታችን እንደመጣ፣ አሁን ከተማው መግቢያ ላይ ተቀምጦ እንደሚጠብቅ ነገርኳቸው። ሰሙኝ አልሰሙኝ አላወቅሁም። ምን ለብሷል አሉኝ። የሰይፉን ኮት አልኳቸው።

«ውጭ አስቀምጣችሁት?» አሉ። «በዚህ ብርድ?»

ያን ጊዜ ሰይፉ ጡሩምባውን ነፋ።

ሴቼንቶዋ መጥታ ደጃፉ ላይ ስትቆም ታምሩ ከዚያች ትንሽ መኪና ለመውረድ ተቸገረ፤ መጀመሪያ የታመመ እግሩን በእጁ አንሥቶ አወጣ። እትዬ ብርቄ አልሮጡም። ሄደው ፊቱ ቆሙና ጆሮውን፣ አንገቱን፣ አገጩን ዳሰሱ። ጠባሳዋ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከዚያ ጮኹ። ያ ጩኸት ከዚህ በፊት ድንኳኑ ውስጥ የሰማሁት ጩኸት ነው፤ ምንም ልዩነት አልነበረውም።

ጎረቤቱም ስለ መስፍን መስሎት ነጠላውን እያሰረ ጎረፈ። ከሁሉ ቀድመው የገቡት የአጥር ጎረቤታቸው አዴ ፋጡማ ናቸው። ታምሩን ሲያዩ ደጃፉ ላይ ደርቀው ቀሩ። «ያ ረቢ» አሉ በለሆሳስ፤ ከዚያ የለቅሶ ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትተው ትከሻው ላይ አለበሱት። አንድ በአንድ ሁሉም ፈቱ።

ታምሩ የፈራው ጥያቄ ያን ቀን አልተጠየቀም።

እሁድ፣ ከሳጉሬ ወደ ናዝሬት

ጠዋት እትዬ ብርቄ ቤተ ክርስቲያን በመኪና ውሰዱኝ አሉ። ሩቅ ሆኖ አይደለም። በእግሬ ከሄድኩ ሰው እያስቆመኝ ቅዳሴው ያልፍብኛል ብለው ነው። ቅዳሴ ሲያበቃ ታምሩን ይዘው ቄሱ ፊት ቆሙ። የክርስትና ስሙን ጠርተው፣ ወልደ ሚካኤልን ከሙታን ጋር አይጥሩብኝ አሏቸው። ሽማግሌው ቄስ፣ ከሙታን ዝርዝር ስም አውጣ ስባል ይህ የመጀመሪያው ነው አሉ። ከዚያ መስቀላቸውን አገጩ ላይ፣ ግንባሩ ላይ አሳረፉ።

ለመሄድ ስንነሣ ታምሩ ከእናቱ ጋር ደጃፍ ቀረ። የሰይፉን ኮት ሊመልስ ሲያወልቅ ሰይፉ እንዳላየ ሆኖ ሞተር አስነሣ። እትዬ ብርቄ ወደ መስኮቴ መጥተው ክንዴን ያዙ።

«ስለ መስፍን የሰማሽው አለ?»

«ምንም አልሰማሁም እትዬ።»

ዓይኔን አጥብቀው አዩና እንዳልዋሸኋቸው ሲረዱ ለቀቁኝ። «እንግዲያው ከእንግዲህ ማንም መጥቶ ሞተ ቢለኝ በር አልከፍትም» አሉ። «አንዴ አምኛቸው ልጄ ቁሞ ሲሄድ አለቀስኩበት። መስፍንን ግን እጠብቀዋለሁ።»

ደጋውን ወርደን ዴራ ስንደርስ ሰይፉ ምን እንዳሉኝ ጠየቀኝ። ነገርኩት። መስኮቱን ከፈተ፤ የቆላው ሙቀት ገባና ቢጫ ሹራቤን አወለቅሁ። ኬላው ላይ የትናንቱ ወታደር አልነበረም። ሰይፉ ግን መኪናዋን አቁሞ ወረደና፣ ለተረኛው የልጁን ወንድም ስም ነግሮ፣ ቤታችን ከግንባር ሰው በመጣ ቁጥር እንጠይቅለታለን ብሎ ለልጁ እንዲነግርልን አደራ አለው።