የአብራሪዎቹ ጭምብልና የኔ ጢም

በመሥሪያ ቤታችን ከኔ ይልቅ ፊቴ ይፈለጋል። ሥራዬ ከፍ ብለው ለሚበሩ አውሮፕላኖች አብራሪዎች የኦክስጅን ጭምብል መምረጥ ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው አየር ድንገት ቢያመልጥ፣ አብራሪው ከጎኑ የተሰቀለውን ጭምብል በአንድ እጁ ስቦ ፊቱ ላይ መለጠፍ አለበት። ከዘገየ፣ ወይም ጭምብሉ በጎን ካፈሰሰ፣ አእምሮው ይደነዝዛል። የባሰው ነገር መደንዘዙን አለማወቁ ነው፤ እንዲያውም ደስ ደስ ይለዋል። ስለዚህ አዲስ ጭምብል በመጣ ቁጥር የሚሞከረው አስቸጋሪ ፊት ላይ ነው። አፍንጫዬ እንደ አንኮበር ገደል ቀጥ ብሎ የወረደ ነው፤ ጉንጮቼ ጎድጉደዋል፤ አገጬ ሾሏል፤ በዚያ ላይ መነጽር አደርጋለሁ። ለሚዜነት እንኳ ተፈልጎ የማያውቅ ፊት እዚህ መለኪያ ሆነ። "እኔ ላይ የገጠመ ማንም ላይ ይገጥማል" እያልኩ ስኩራራ ኖሬያለሁ።

ከፊቴ ቀጥሎ የምኮራበት ነገር ቢኖር በጢም ላይ ያለኝ ጭካኔ ነበር። ጢም ጭምብሉንና ቆዳውን ያለያያል፤ በመሐሉ ኦክስጅኑ ሾልኮ ይወጣል። ጢሙን ትንሽ ያቆየ አብራሪ ካየሁ ኮሪደር ላይ አስቁሜ "ካፒቴን፣ ይቺ ነገር ትነሳ" እላለሁ። ለፋሽን ነው ያለኝንም፣ ሐዘን ላይ ነኝ ያለኝንም እኩል ነበር የምመልሰው፦ "ኦክስጅን ሐዘን አያውቅም።" አባባሉን የፈጠርኩት ራሴ ነኝ፤ በጣም እወደው ነበር። ደግሞስ ምን አለብኝ? እኔ ራሴ ጢም የሚባል ነገር እንደ ሰው አይበቅልልኝም።

አንድ ዓመት ለፋሲካ አንኮበር፣ እናትና አባቴ ዘንድ ስሄድ፣ ጊዜው ያለፈበት የናሙና ጭምብል ይዤ ሄድኩ። ሥራዬን ለማስረዳት ነው ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለጉራ ነው። አባቴ ደረታቸው የሚደርስ ነጭ ጢም ነበራቸው። ጭምብሉን ተቀብለው ፊታቸው ላይ ደፉት፤ ጢማቸው በሥሩ እንደ ጭድ ተንዠረገገ። ጎረቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

"አባባ፣ በዚህ ጢምዎማ አውሮፕላን አይሰጡዎትም" አልኳቸው።

ጭምብሉን አውልቀው አገላበጡት። "እኔስ ወዴት አገሬ ልበር" አሉ። "እኔ የማስበው ላንተ ነው። ስሞት ጢምህን ታሳድጋለህ። ያን ጊዜ ይኼን ማን ይሞክረዋል?"

"ያን ጊዜማ ፈቃድ እወስዳለሁ" ብዬ ሳቅሁ። እናቴ "በበዓል ቀን ሞት አታውሩ" ብላ ሁለታችንንም ተቆጣች።

አባቴ ያረፉት በብርዱ ወራት፣ የገብሱ አጨዳ ሳያልቅ ነው። በኛ አገር አባቱ የሞተበት ወንድ አርባው እስኪወጣ ጢሙን አይነካም፤ ሐዘኑን ሰው ፊቱ ላይ ያያል። ታላቅ ወንድሜን በሠልስቱ ጢም ፊቱን አልብሶት ነበር። እኔ ሳምንት ሙሉ አገጬን ብዳብስ የተገኘው ውርጭ የመታው ገብስ ነው፤ እዚህም እዚያም ብቅ ያለ፣ መሐሉ ባዶ። የሚብሰው ደግሞ እንባዬም እንደ ጢሜ እምቢ አለ። ድንኳን ውስጥ ሰው ደረቱን እየደቃ ሲያለቅስ እኔ አቀማመጤን አስተካክላለሁ። አክስቴ "ከተማ የገባ ልጅ ልቡም ይላጫል" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። የአባቴ የአልዩ አምባ ወዳጅ፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ነጋዴ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው ሊያጽናኑን መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። አገጬን ልብ ብለው አዩት። ከዚያ እጄን ያዝ አድርገው "አይዞህ ልጄ፣ ኢንሻአላህ ይበቅላል" አሉኝ።

አባቴን እወዳቸው ነበር። ግን አላለቀስኩ፤ ቢያንስ ጢሙ ይመስክርልኝ እንጂ በአርባው ዕለት ዘመድ ፊት ምን ይዤ ልቁም? መላ ሐዘኔ በዚያች አገጭ ላይ የተንጠለጠለ መሰለኝ።

ሥራ ስመለስ አለቃዬ "እግዚአብሔር ያጽናህ" አለችኝና ዓይኗ ወደ አገጬ ወረደ። ለአዲሶቹ አውሮፕላኖች ሁለት ዓይነት ጭምብል መጥቶ ነበር፤ ምርጫው እስከ አርባው የሚቆይ አልነበረም።

"ካልቻልክ ግድ የለም፤ በሒሳብ ክፍሉ ልጅ ፊት እንሞክረዋለን" አለች።

የሒሳብ ክፍሉ ልጅ ፊት ድፎ ዳቦ ነው። እሱ ላይ የማይገጥም ጭምብል ገና አልተሠራም። በሱ ፊት ተመርጦ፣ አፍንጫው እንደኔ የሆነ አብራሪ ላይ ሰማይ ላይ ቢያፈስስ?

"ይቺ ጢም አትባልም" አልኳት። "ካላመንሽ አንኮበር ሄደሽ ጠይቂ። እንዳለሁ እሞክረዋለሁ።"

ተሞከረ። ጭምብሉን ሳብኩት፤ ማሰሪያው በአየር ተነፍቶ ጭንቅላቴን ጨበጠው፤ የመለኪያው መርፌ ተንቀጠቀጠና ቀዩ ላይ ቁጭ አለ። ያፈሳል። ሁለተኛውም ያፈሳል። አለቃዬ እያዘነች "ጢም ነው" ብላ ፈረደች። ለቅሶ ቤት ጢም መሆን ያቃተው፣ መሥሪያ ቤት ጢም ሆኖ ተገኘ። ሞኝነቴን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። እስካሁን ሐዘንተኛ መሆኔን ያመነልኝ ያ መርፌ ብቻ ነበር።

ደስታው ግን ጭምብል አይመርጥም። መጸዳጃ ቤት ገብቼ በቀዝቃዛ ውኃ ተላጨሁ። "ኦክስጅን ሐዘን አያውቅም" ብዬ ያስላጨኋቸው ካፒቴኖች ሁሉ መስታወቱ ውስጥ ተሰልፈው የሚያዩኝ መሰለኝ። እነዚያ ጥቂት ፀጉሮች በውኃው ሲሄዱ አባቴን ዳግመኛ የቀበርኳቸው ያህል ከበደኝ።

ተመልሼ ሞከርኩት። ሁለተኛው ጭምብል ተላጭቼም በአፍንጫዬ አጥንት ሥር አፈሰሰ፤ እኔ ስላጭ አለቃዬ በሞከረችው በድፎ ዳቦው ፊት ላይ ግን ሁለቱም ገጥመው ነበር። በመጀመሪያው መርፌው አረንጓዴው ላይ ረጋ። የቀረው የድምፅ ሙከራ ነው። አብራሪ ጭምብል ውስጥ ሆኖም መነጋገር ስላለበት ውስጡ ማይክሮፎን አለው፤ ድምፁ በክፍሉ ስፒከር ይሰማል።

"ከአንድ እስከ አሥር ቁጠር" አለች አለቃዬ።

አንድ አልኩ። ሁለት አልኩ። ሦስት ልል አፌን ስከፍት፣ ድንኳኑ ውስጥ እምቢ ያለኝ ለቅሶ መጣ። አመጣጡም በስፒከር ነው። "አባባ!" እያልኩ ስንሰቀሰቅ ሰው ከየቢሮው ሮጦ ወጣ። አለቃዬ ድምፁን ልታጠፋ ስትሯሯጥ ይባስ አጎላችው። አንኮበር ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው እንኳ ያልሰማውን ለቅሶ ሕንፃው በሙሉ ሰማው። የማይክሮፎኑ ጥራት ግን ከዚያ ወዲያ አላከራከረም፤ ጭምብሉ ተመረጠ።

ለአርባው የሄድኩት አፌን በጋቢ ሸፍኜ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ስቀይር ብርዱ ባዶ አገጬን በጋቢው ውስጥ ሳይቀር አግኝቶ ቆነጠጠኝ። የግቢያችን በር ላይ እናቴ ተቀበለችኝ። ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አገጬን በመዳፏ ዳበሰችው።

"እማዬ፣ ሥራው እኮ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አውቃለሁ" አለች። "ያን ጭምብል ይዘህ የመጣህ ጊዜ፣ አንተ ስትሄድ አባትህ ነግሮኛል። 'እኔ ስሞት ያንን ልጅ ጢም አሳድግ ብላችሁ እንዳታስጨንቁት፤ ሰው ሰማይ ላይ ሆኖ የሱን ፊት ይጠብቃል' ብሎኛል።"

"ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዲያ ተጨንቀህ ስታሳድግ ባይ አንጀቴ እምቢ አለኝ።" ሳቋን ልትሸፍን ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች፤ አባቴ ካረፉ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። "ደግሞም 'ቢተወውም አይበቅልለትም' ብሏል።"

በሩ ላይ ተቃቅፈን ሳቅን። ሳቁ መሐል ላይ ዞረብኝና ትከሻዋ ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አክስቴ ድምፅ ሰምታ ከድንኳኑ ብቅ አለች፤ የተላጨውን አገጬን አላየችም።

"እሰይ" አለች ወደ ውስጥ እየተጣራች፣ "ኑ እዩት፣ አሁን ገና አለቀሰ!"