ለሙሽራዋ ቀሚስ መርፌ ፍለጋ፤ ከቦንጋ እስከ ቢታ ገነት

ሐሙስ፣ ሳይነጋ፣ ቦንጋ

መናኸሪያው ስደርስ ጭጋጉ ከመኪኖቹ ቀድሞ ተሰልፏል። ሻንጣ የለኝም። ኪሴ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት የመርፌ ስባሪዎች፣ መነጽሬና ባለቤቴ የቋጠረችልኝ ቆሎ አሉ። ሁለት መንጋጋ ለቀሩት ሰው ቆሎ መቋጠር ፍቅር ይሁን ቂም እስካሁን አልገባኝም።

የማያውቀኝ ካለ፣ እኔ ቦንጋ ገበያ ዳር በረንዳ ላይ ተቀምጬ የምሰፋ ሽማግሌ ነኝ። የስፌት መኪናዬ በእግር የምትረገጥ፣ ጥቁር፣ ደረቷ ላይ የወርቅ ቀለም አበባ የተሳለባት የድሮ ናት። አብረን አርጅተናል። ልዩነታችን፣ እሷ ዘይት ስትጠጣ ዝም ትላለች፤ እኔ ጠጅ ስጠጣ እለፈልፋለሁ።

ማክሰኞ ዕለት የጎረቤታችን ልጅ የፀሐይ የሙሽራ ቀሚስ ወገቡ ላይ ስደርስ መርፌዬ ቀጭ አለች። የመጨረሻዋ ነበረች። ሠርጉ እሁድ ነው። የሙሽራዋ እናት እትዬ ብርቄ በረንዳዬ ላይ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ጋሽ ደምሴ፣ የእኔን የሠርግ ቀሚስ በዚችው መኪና ሰፍተው ልጄን ራቁቷን ሊድሩብኝ ነው?»

«ለወጣቶቹ ልስጠው? መኪናቸው አዲስ ነው።»

«ስለቴ በእርስዎ እጅና በዚች መኪና ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ትዳሬ ያልተተረተረው በማን ስፌት ሆነና?»

እንዲህ ከተባለ በኋላ እንዴት እምቢ ይባላል? «ቅዳሜ ታገኚዋለሽ» አልኳት። አፌ ዱሮም ከእግሬ ይቀድማል።

ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። ሱቅ የሚሸጠው የዛሬ መርፌ አናቱ በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ቁመቱም አጭር። የእኔዋ የምትቀበለው አናቱ ዙሪያውን ድቡልቡል የሆነውንና ረዘም ያለውን ነው። አጭሩን ብትሰካባት ታች ካለው ክር ጋር ሳይገናኝ ይመለሳል፤ ጨርቁ ይበሳል እንጂ አይሰፋም።

ሐሙስ፣ መንገድ ላይ

ሾፌሩ ተስፋዬ የቡና ጆንያ ሊያመጣ ወደ ቢታ ገነት የሚሄድ የጭነት መኪና ይነዳል። ከጎኔ፣ ለግምገማ የተጠራ የወረዳ ሹም ደብተሩን ደረቱ ላይ አቅፎ ተቀምጧል። ፊቱ ጥርሱን ሊነቀል የሚሄድ ሰው ይመስላል።

«ጋሼ፣ ለአንድ መርፌ ብለው ነው እስከዚያ ድረስ?» አለኝ ተስፋዬ።

«አንተ ለጎማ ጅማ ትሄድ የለም?»

«ጎማ እኮ ትልቅ ነው!»

«እንግዲያው ብልጡ እኔ ነኝ። ስመለስ ጭነት አይከብደኝም።»

ሹሙም ሳይወድ ሳቀ። መንገዱ ቀይ ነው፤ ወሩ ጥር ቢሆንም ያገራችን ሰማይ ወር አይቆጥርምና ሌሊት ዘንቦበታል። ከቤቶቹ ጓሮ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጀርባ ጫካ፣ ጫካው ውስጥ ከፍ ብለው የተሰቀሉ ቀፎዎች። ጎማው ጭቃ ውስጥ ሲገባ ወርደን ገፋን። እኔ እንኳ የገፋሁት በምክር ነው።

ሐሙስ፣ ረፋዱ ላይ፣ ዋጫ

ዛሬ የዋጫ ገበያ ቀን ነው። ተስፋዬ ጎማውን እስኪያስነፋ ዕድሌን ልሞክር ብዬ ክርና ቁልፍ ወደሚሸጥ ነጋዴ ሄድኩ። ሁለቱን ስባሪዎች መዳፌ ላይ ገጥሜ አሳየሁት።

«መርፌ መርፌ ነው አባቴ! ይቺን ይውሰዱ» ብሎ አጭሩን ዘረጋልኝ።

«ጫማስ ጫማ አይደል? እስቲ የልጅህን ተጫማና ገበያውን ዙርልኝ።»

በዙሪያው ያሉት ሳቁበት። እሱም ስቆ፣ እንዲህ ያለ መርፌ ካየ ዘመን እንደሌለው ነገረኝ። ባዶ እጄን ግን አልወጣሁም፤ አንድ ቆዳ ሠሪ ለመኪናዬ የሚሆን ቀጭን ጠፍር ቆረጠልኝ። መርገጫውን ከላይኛው መንኮራኩር ጋር የሚያገናኘው ጠፍሬ ከተበጠሰ ቆይቷል፤ በሲባጎ ቀጥዬው ነው የምሠራው። ጠፍር ከበሬ ይገኛል። መርፌ የሚወልድ ከብት ነው የጠፋው።

አልተጨነቅሁም። ቢታ ገነት ውስጥ የእኔዋ መንትያ አለች። ወዳጄ ገብሬና እኔ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ነጋዴ ነው የገዛናቸው። ገብሬ አምና ሞተ፤ መኪናው ግን ቤቱ ትኖራለች፤ መርፌዎቹም እንደዚያው።

ሐሙስ፣ ማምሻውን፣ ቢታ ገነት

የገብሬ ባለቤት እትዬ አልማዝ በሩ ላይ አቅፋ ተቀበለችኝ። አቤት እንባ! አቤት ደግሞ ቆጮ! ከጎመኑ ጋር አቅርባ፣ ከጎኑ ማር አስቀምጣ፣ ስለ ጥርሴ ሁኔታ ሳትጠይቅ ለስላሳ ለስላሳውን ታጎርሰኛለች።

መኪናዋ ጥግ ላይ ናት። ጥልፍ ልብስ ለብሳለች፤ ራዲዮ ተሸክማለች። ልብሱን ገለጥኩ። ጠፍሯን አይጥ በልቶታል፤ የመርፌዋ ቦታ ባዶ ነው። መሳቢያዎቹን ሳብኩ፤ ቁልፍ፣ ጠመኔ፣ ቁራጭ ክር። መርፌ የለም።

እትዬ ብርቄ ወገቧን ይዛ እዚያው ክፍል ውስጥ የቆመች መሰለኝ።

«አልማዝ፣ ገብሬ ሰም አልነበረውም?»

«የምን ሰም?»

«ልብስ ሰፊ ሁሉ ሰም አለው። እዚህ አገር ሲዘንብ ብረት በአንድ ሌሊት ይዝጋል፤ እኛ መርፌያችንን የንብ ሰም ድቡልቡል ውስጥ ቀብረን ነው የምናስቀምጠው።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ያ ድቡልቡል! የብርቱካን የሚያህለው?»

«እሱ!»

«ውይ በሞትኩት! ለሙት ዓመቱ ጧፍ ይሁነው ብዬ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት እኮ!»

«ገብሬ በሕይወቱ ወዳልሄደበት ቤተ ክርስቲያን ሲሞት በመርፌው ሄደ» አልኳት። እያለቀሰች ሳቀች።

ዓርብ፣ ማለዳ፣ ቢታ ገነት

ጧፉን የሚጠመዝዙት አባ ወልዴ ናቸው። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ነው። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ አልማዝን ሲያዩ ተነሡ።

«አንቺ ልጄ! ማን ነው ባልሽ ላይ መተት ያሠራበት?»

«ኧረ አባ፣ የምን መተት?»

በጨርቅ የታሰረ አውራ ጣታቸውን አሳዩን። ሰሙን ፀሐይ ላይ አለስልሰው በእጃቸው ሲያሹት መርፌ ወግቷቸዋል። አንዱን ሲያወጡ ሌላ፣ ሌላውን ሲያወጡ ሌላ።

«ሰም ውስጥ መርፌ የሚቀብር ጠንቋይ እንጂ ሌላ ማን ነው?»

«ሰፊ ነው አባ» አልኳቸው። «እኔም እቀብራለሁ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። መስቀላቸውን ጠበቅ ሲያደርጉ አይቻለሁ።

«መርፌዎቹን የት ጣሏቸው?»

«እንዴት ይጣላል! ሌላ ሰው ላይ ይተርፋል ብዬ ጠበል ውስጥ ነከርኳቸው። ከሙት ዓመቱ ዋዜማ ጀምሮ እዚያው ናቸው።»

ጠበል ውስጥ! መርፌ ከውሃ ጋር አንድ ሌሊት ማደሩን እንኳ የማይችል ዕቃ ነው፤ የገብሬ ሙት ዓመት ደግሞ ባለፈው ሳምንት ነበር። ቀሚሱ ቦንጋ ላይ በወገቡ ተከፍቶ ተጋድሟል። አባ ከአልጋቸው ሥር አንድ ጣሳ አወጡ። እያማተቡ አቀረቡልኝ፤ እጄን ሰደድኩ።

የመጀመሪያዋን አወጣሁ። ብጫ ናት። ዝገት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት፤ ተላጠ። ሰም ነው! ቀጭን የሰም ሸሚዝ ለብሳለች፤ ጠበሉ ሰውነቷን አልነካም። ከሥር ብረቱ ብልጭ አለ። ቁመቷ ልክ፣ አናቷ ድቡልቡል። ሌሎቹም እንደዚያው።

«ሰይጣኑስ አባ?» አልኳቸው ደስታዬን መሸሸግ ሲያቅተኝ።

«ወጥቷል። አንተን ይዞ ተመልሶ እንዳይገባ ብቻ።»

ዓርብ፣ ከመመለሴ በፊት

መርፌ ሳይሞከር አይወሰድም። ዋጫ ላይ ያስቆረጥኩትን ጠፍር ለገብሬ መኪና ለካሁት፤ ልክ ሆነ። መንትያ ናቸው አላልኳችሁም? ዘይት ጠብ ጠብ አደረግሁላትና መርፌዋን ሰካሁ። ክር ማስገባቱ ላይ ግን ተሸነፍኩ። ለመርፌ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ ቀዳዳዋን ማየት የማይችል ጀግና እኔ ነኝ፤ ክሩን ያስገባችው አልማዝ ናት።

ረገጥኩ። መኪናዋ አንዴ አጉረመረመችና ተነሣች፤ ያ የምናውቀው ድምፅ ቤቱን ሞላው። አልማዝ ሄዳ ጥግ ላይ ሲዘፍን የነበረውን ራዲዮ አጠፋችው።

ጠፍሩን ከመኪናዋ ላይ ልፈታ ጎንበስ ብዬ ነበር። ቀና ስል እጇ መንኮራኩሩ ላይ አርፏል።

«ገብሬ አስተምሮኝ ነበር» አለች። «ትራስ ልብስና መጋረጃ እችላለሁ።»

ጠፍሩን ተውኩት። መርፌዎቹንም እኩል ተካፈልን፤ የእሷን ድርሻ ከጧፍ ቁራጭ በተሠራ ድቡልቡል ውስጥ ቀበርኩላትና፣ «ይቺን ደግሞ ለማንም እንዳትሰጪ!» አልኳት። ተስፋዬ ደጅ ላይ ጥሩንባውን እየነፋ ነው።

ቅዳሜ፣ ቦንጋ

ከጠዋት ጀምሬ ረግጫለሁ። ጠፍሬ ያው በሲባጎ የተቀጠለው ነው፤ ቋጠሮው በየዙሩ ጧ ይላል፤ የእኔም ጉልበት እያጀበው ጧ ይላል። መርፌዋ ግን ምን ልበላችሁ! ነጩ ጨርቅ ላይ እንደ ዓሣ ትዋኛለች። ወገቡ ተዘጋ፣ እጅጌው ተያያዘ፣ ዘርፉ ተቀመቀመ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስኩ።

እትዬ ብርቄ መጣች። ቀሚሱን በብርሃን አየችው፤ ገለበጠችው፤ ስፌቱን በጥፍሯ ሞከረችው። ከዚያ አፍንጫዋን ወገቡ ላይ አስጠጋች።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይሄ ቀሚስ ምን ምን ይላል? ጧፍ ጧፍ ይላል እኮ!»

«አትቆጪ» አልኳት። «ልጅሽ ነገ ነው ቤተ ክርስቲያን የምትገባው። መርፌዋ ቀድማት ሄዳ፣ ጠበል ገብታ፣ ሰይጣኗን አስወጥታ መጥታለች።»

ቀሚሱን ደረቷ ላይ አጥፋ አቀፈችው። እኔም ከጃኬቴ ኮሌታ ሥር የቀሩትን መርፌዎች አውጥቼ ሰሜ ውስጥ ቀበርኳቸው፤ ለባለቤቴም በቁሜ ተናዘዝኩ፦ «ስሞት ሰሙን ለቤተ ክርስቲያን ከመስጠትሽ በፊት፣ ለሚያሹት አባ ጣታቸውን እንዲጠብቁ ንገሪያቸው።»